ፍሬውን ማን ይበላዋል?

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «የሠራተኛውን መንፈስ የሚያነቃቃ» ንግግር እንዳደርግ ጠራኝ። ማስተማሩን ትቼ በብዕር ማደር ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ዓይነቱ ግብዣ አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። መቼም ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍና ተረት የማያልቅበት ሰው ለስብሰባ መክፈቻ አይጠላም። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስቀምጠው ቡና ካስመጡልኝ በኋላ፣ «ሠራተኛው ነገሩ ሁሉ ገንዘብ ሆኗል። እስቲ ከፍ ያለ ነገር ይንገሩልን» አሉኝ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት ሳይከፈል መቆየቱን ያን ቀን አልነገሩኝም። እኔም «ምን ሆኖ ነው ገንዘብ ገንዘብ የሚለው?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ከፍ ያለ ነገር አላጣሁም። ሕንዶች ብሃገቫድ ጊታ ከሚሉት መጽሐፍ፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ 47ኛው ስንኝ ላይ፣ ስለ መጽሐፉ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ የሰማውን ምክር ይዤ ወጣሁ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሰው ልቡን ሥራው ላይ ይጣል እንጂ ውጤቱ ላይ አይንጠልጠል የሚል ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ጋንዲን ጠራሁ፣ ገበሬውን ጠራሁ፣ ለሌላው እያበራች የምታልቀውን ሻማ ጠራሁ። ተጨበጨበልኝ።

«ጥያቄ ያለው?» ተባለ። ዝም። ከዚያ ከኋላ፣ ከሻይ ፔርሙሶቹ አጠገብ ቆመው የነበሩ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እጃቸውን አነሡ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያልተማርኩ ነኝ። ሠራተኛው ፍሬውን አይመልከት ብለዋል። እሺ፣ አይመልከት። ግን ፍሬው አለ አይደል? ታዲያ ማን ይበላዋል?»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ ሌላው ሳቅ ቀስ እያለ አልጠፋም፤ ድንገት ነው የተቋረጠው። እኔ ደግሞ መልስ ያጣ መምህር ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው እናቴ» አልኩ። ቀጥዬ ስለ ውስጣዊ ሰላም፣ እውነተኛው ፍሬ የነፍስ ዕረፍት ስለመሆኑ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወረወርኩ። ሴትዮዋ «እሺ» አሉና ወደ ፔርሙሳቸው ተመለሱ። በአማርኛ «እሺ» ስንት ትርጉም እንዳለው አንባቢዬ ያውቃል። የሳቸው «እሺ» ከመስማማት በጣም የራቀው ነበር።

ስወጣ ሒሳብ ሹሟ በር ላይ ጠበቀችኝ። አስፈረመችኝና ፖስታ ሰጠችኝ። የንግግሬ ፍሬ ነው። ተቀበልኩ። ሴትዮዋ ብርጭቆ እየሰበሰቡ ነበር፤ አዩኝ።

ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠሁት መልስ ነው። ለመመለስ ግን መጽሐፉን እንደገና፣ በዚህ ጊዜ እንደ ሰባኪ ሳይሆን እንደ አንባቢ፣ ማንበብ ነበረብኝ።

ጊታን መጀመሪያ የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ሕንዳዊ መምህር ነው። ከሕንድ መምህራን ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ ደግሞ ሌላ ትውልድ መጣ። ወዳጄ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ሂንዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ስንኝ ሳያነብ ከቤት አይወጣም። ይኸው ሰው ታዲያ የውሎ አበሉ ጉዳይ ሲነሣ ሌላ ሰው ይሆናል። ወፍራም ፋይል ታቅፎ ከፋይናንስ ክፍል ደጃፍ አይጠፋም ነበር።

አንድ ቀን አሾፍኩበት። «ያ የምታነበው መጽሐፍ ፍሬውን አትመልከት አይልም እንዴ?» አልኩት።

«ይላል» አለኝ። «እኔ ሳስተምር ስለ ደሞዜ አላስብም። ደሞዜን ስጠይቅ ደግሞ ስለ ደሞዜ አስባለሁ። ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ነው።»

ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ስቄ አለፍኩት። ለካ ትርጓሜ ነበር።

እስቲ ወደ መጽሐፉ እንግባ። ሂንዱ የሚባለው እምነት አንድ መሥራች ወይም አንድ ብቸኛ መጽሐፍ የለውም። ቬዳዎች አሉ፣ ኡፓኒሻዶች አሉ፣ ታላላቆቹ ተረኮች አሉ። ጊታ ከነዚህ ተረኮች በአንዱ፣ ማሃባራታ በሚባለው እጅግ ግዙፍ የጦርነት ተረክ ውስጥ፣ በስድስተኛው ክፍል የሚገኝ የሁለት ሰዎች ንግግር ነው። 18 ምዕራፍ፣ 700 ያህል ስንኝ አለው። ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሊጨረስ የሚችል፣ ግን ዕድሜ ልክ የሚነበብ ዓይነት ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማሰለችበት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ማነው የሚናገረው? ለማን? ከየት ሆኖ? ጥቅስ እየቀነጨቡ ግድግዳ ላይ የመለጠፍ አመል የሚፈወሰው በዚህ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ሌላው ላይ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ በዚያ አዳራሽ እኔው ራሴ ረሳሁት።

ቦታው ዛሬ በሰሜን ሕንድ ሐርያና ግዛት የሚገኘው የኩሩክሼትራ ሜዳ ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች በመንግሥት ተጣልተው ሁለት ሠራዊት ተፋጥጧል። አርጁና የተባለው ልዑል፣ በዘመኑ ወደር የሌለው ቀስተኛ፣ ሰረገላውን በሁለቱ ጦር መሐል እንዲያቆምለት ነጂውን ያዘዋል። ዓይኑን ሲያነሣ ማንን ያያል? አያቱን። አስተማሪውን። አጎቶቹን። የአጎቶቹን ልጆች። አፉ ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቱ ከእጁ ይንሸራተታል። «አልዋጋም» ብሎ ሰረገላው ላይ ይቀመጣል። የጊታ ምክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ምክሩን የሚሰማው ልዑል ነው። መሣሪያ አለው፣ ሠራዊት አለው፣ ካሸነፈ መንግሥት ይጠብቀዋል። ምክሩን የሚሰጠው ደግሞ የሰረገላ ነጂው ክሪሽና ነው። ክሪሽና ከጦርነቱ በፊት ለሁለቱም ወገን ምርጫ ሰጥቶ ነበር፤ አንደኛው ወገን ሠራዊቱን ይወስዳል፣ ሌላኛው መሣሪያ የማያነሣውን እሱን ራሱን። አርጁና ሰውየውን መረጠ። እርግጥ ነጂው ተራ ነጂ አይደለም። በ11ኛው ምዕራፍ አምላክነቱን ይገልጥለታል፤ አማኞቹም የሚያመልኩት በዚያው ነው። የትዕይንቱ አቀማመጥ ግን አይለወጥም። ልጓም የያዘው ነው ጌታ ሆኖ ለተቀመጠው «ፍሬው ላይ አትንጠልጠል» የሚለው።

እኔ በዚያ አዳራሽ ያደረግሁት ይህን መገልበጥ ነው። ሰረገላው ላይ የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ እኔን ላኩኝ፤ እኔ ደግሞ ሄጄ ለነጂዎቹ ነገርኳቸው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ፍሬው ነው። ገበሬን ጠርቼ ነበር ብያለሁ፤ ከጠራሁት አይቀር በደንብ ልጥራው። ገበሬ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል። ዝናቡ ግን በእጁ አይደለም። ሰማዩን እያየ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ እርሻው ያልፈዋል፤ ዝናብ ዝናብ እያለ ቢብሰለሰል እንቅልፉን ያጣል እንጂ ደመና አያመጣም። ስለዚህ የሱን ድርሻ ሠርቶ ሌላውን ለፈጣሪው ይተዋል። ይህን ጥበብ ገበሬያችን ጊታን ሳያነብ ያውቀዋል። ይህ የዝናብ ነገር ነው።

እህሉ ከታጨደ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያው ገበሬ ማሳውን ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቃል፣ አውድማው ላይ ያድራል፣ ጎተራውን ይመርጋል። «ፍሬውን አልመለከትም» ብሎ አውድማውን ጥሎ የሄደ ገበሬ አላየሁም። ይህ የጎተራ ነገር ነው። ዝናብ የማይታወቅ ነው፤ ጎተራ ግን የሚሰፈር ነው። የጊታ ስንኝ የሚናገረው ስለ ዝናቡ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጎተራ ነው። ሴትዮዋ የጠየቁኝ ስለ ጎተራው ነበር፤ እኔ ስለ ዝናብ መለስኩላቸው።

መጽሐፉስ ስለ ጎተራው ዝም ይላል? አይልም። ንግግሬን ከሁለተኛው ምዕራፍ ይዤ ስወጣ ገጽ ገልጬ ሦስተኛውን ባየው ኖሮ እዚያው ነበር። ቦታው ስለ መሥዋዕት የሚያወሳ ነው። ምግብ ከዝናብ፣ ዝናብ ከመሥዋዕት፣ መሥዋዕት ከሥራ እንደሚገኝ፣ ሁሉም ተቀባብሎ እንደሚኖር ይተርካል። ከዚህ ዑደት የተቀበለውን ሳይመልስ ለብቻው የሚበላውን ሰው ጊታ በለዘበ ቃል አያልፈውም፤ ሌባ ነው የሚለው። ለራሱ ብቻ የሚያበስል ሰውም የሚበላው ኃጢአት ነው ይላል። እንግዲህ አስቡት። ስለ ፍሬ የሚናገረው ዝነኛ ስንኝ በየቢሮው ይጠቀሳል። ስለ ሌባው የሚናገረው፣ ከሱ ጥቂት ገጽ ርቆ ያለው፣ በየትኛውም የሥራ ተነሳሽነት ስብሰባ ላይ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

እንዲህ የምለው የኛን መሥሪያ ቤት ለማማት ብቻ አይደለም። የመጽሐፉ የጉዞ ታሪክም ይኸው ነው። ጊታ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው በቻርልስ ዊልኪንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1785 ለንደን ታተመ። ዊልኪንስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። የቤንጋል ጠቅላይ ገዥ የነበረው ዋረን ሄስቲንግስ ለኩባንያው አለቃ በጻፈው ደብዳቤ፣ የተገዢውን ሕዝብ መጻሕፍት ማወቅ ለመንግሥት እንደሚጠቅም፣ ሕዝቡ የታሰረበትን ሰንሰለት ክብደትም እንደሚያቀል ገልጿል። ክብደቱን ያቀላል እንጂ ሰንሰለቱን ይፈታል አላለም። ፍሬ አትመልከት የሚለውን መጽሐፍ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው፣ የቤንጋልን ፍሬ በመርከብ ሲያግዝ የነበረው ኩባንያ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

መጽሐፉ ግን በገዥ እጅ ብቻ አልቀረም። ባል ጋንጋዳር ቲላክ እንግሊዞች በርማ ውስጥ ማንዳሌ ላይ ከ1908 እስከ 1914 አስረውት ሳለ ስለ ጊታ ትልቅ ሐተታ ጻፈ፤ በ1915 ታተመ። የሱ ንባብ ጊታ ዓለምን ጥሎ የመመነኛ ሳይሆን የሥራ መጽሐፍ ነው የሚል ነበር። ማንን ለማሠራት እንደፈለገ እንግሊዞቹ ገብቷቸዋል።

ጋንዲ ደግሞ ሌላ ነው። ጊታን መጀመሪያ ያነበበው ለንደን ውስጥ የሕግ ተማሪ ሳለ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። በሳንስክሪትም ሆነ በአፍ መፍቻው በጉጃራቲ አለማንበቡ አሳፍሮት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ኋላ ደቡብ አፍሪካ ሳለ ጥርሱን በሚፍቅበት ግድግዳ ላይ ስንኞቹን በወረቀት እየለጠፈ በቃሉ ይይዝ ነበር። ጦርነቱ በሰው ልብ ውስጥ ያለ የደግና የክፉ ጦርነት ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና ያ ሁሉ ዝሆን፣ ያ ሁሉ ቀንደ መለከት፣ ያ ሁሉ የጀግና ስም ዝርዝር የልብ ምሳሌ ብቻ ነው ቢሉኝ ለመቀበል ይከብደኛል። ሆኖም በዚያ ንባብ የኖረው ኑሮ ከብዙ ትክክለኛ ንባብ የበለጠ ፍሬ አፍርቷል። ይህን አልክድም።

ነገር ግን ጋንዲ ቤት ውስጥም የኔዋን ሴትዮ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ነበር። ባለቤቱ ካስቱርባ። እ.ኤ.አ. በ1901 ቤተሰቡ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሕንድ ሊመለስ ሲል እዚያ ያሉ ሕንዶች ውድ ውድ ስጦታ ሰጧቸው፤ ለካስቱርባም የወርቅ ሐብል ነበረበት። ጋንዲ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ፣ ለሕዝብ አገልግሎት ዋጋ መቀበል አይገባም፣ ሁሉም ለማኅበረሰቡ ጥቅም በአደራ ይቀመጥ ብሎ ወሰነ። ልጆቹን አሳመነ። ካስቱርባ ግን እምቢ አለች። ሐብሉ የተሰጠው ለኔ አገልግሎት ነው ወይስ ላንቺ ብሎ ቢሞግታት፣ ያንተ አገልግሎት የኔም ነው፣ ሌትና ቀን የለፋሁልህስ አገልግሎት አይባልም ወይ ስትል መለሰችለት። በመጨረሻ ስጦታው ተመለሰ። ጋንዲ በውሳኔው እንዳልተጸጸተ፣ እሷም ኋላ እንደተቀበለችው ይናገራል። ሊሆን ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ሙግቷን ሳያለዝብ፣ እሱን በሚያሳጣ መልኩ፣ በገዛ እጁ መጻፉ ነው። ፍሬን መተው የራስን ሲሆን ቅድስና ነው። የሚስትን ሐብል ጨምሮ መተው ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። እሱ ከነጥያቄዋ አስቀመጠልን፤ እኔ የሴትዮዬን ጥያቄ በነፍስ ዕረፍት ሸፍኜ አለፍኩ።

ስለ ጊታ ጽፎ አምቤድካርን አለመጥራት ደግሞ ሌላ ሽፈና ነው። ቢምራኦ አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1891 የተወለደው ሕንዶች «የማይነኩ» ይሏቸው ከነበሩት ቤተሰብ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚቀመጥበትን ጆንያ ከቤቱ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ውሃ ሲጠማው ቧንቧውን ራሱ መክፈት አይፈቀድለትም። ይህ ልጅ ኒው ዮርክና ለንደን ተምሮ ዶክተር ሆነ፣ የነጻዋን ሕንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መራ። በጥቅምት 1956 ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር የሂንዱን እምነት ትቶ ቡድሃ እምነት ገባ። ስለ ጊታ የነበረው ፍርድ ጠንካራ ነው። የሰውን ልጅ በአራት መደብ ለሚከፍለው ሥርዓት የፍልስፍና ምርኩዝ ሆኖ የቆመ መጽሐፍ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ያለ ምክንያት አይደለም። ጊታ የራስን ድርሻ አጓድሎ መሥራት የሌላውን አሳምሮ ከመሥራት ይሻላል ይላል። በ18ኛው ምዕራፍም የየመደቡን ሥራ ይዘረዝራል፤ ለመጨረሻው መደብ የደረሰው ማገልገል ነው። ተሟጋቾች መደቡ በባሕርይና በሥራ እንጂ በትውልድ አልተባለም ብለው አራተኛውን ምዕራፍ ይጠቅሳሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ግን ይህን እላለሁ፦ መጽሐፍን መውደድ ማለት መጽሐፉ የጎዳውን ሰው አለመስማት አይደለም። «ድርሻህን ሥራ» የሚለው ቃል ለልዑሉ የድፍረት ስንቅ ነው። ጆንያ ላይ ለተቀመጠው ልጅ ግን የበር ቁልፍ ነው፤ ያውም ከውጭ የተቆለፈበት።

ማሃባራታ ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። በዚያው ተረክ ውስጥ ኤካላቭያ የሚባል የጫካ ሰዎች አለቃ ልጅ አለ። የአርጁና አስተማሪ የሆነው ድሮና ቀስት እንዲያስተምረው ቢለምነው፣ በትውልዱ ምክንያት አልቀበልም ይለዋል። ልጁ ጫካ ገብቶ የድሮናን ምስል ከጭቃ ይሠራና ምስሉ ፊት ብቻውን ይለማመዳል። ከአርጁና የሚበልጥ ቀስተኛ ይሆናል። ድሮና ይህን ሲያይ የአስተማሪነት ዋጋዬን ክፈለኝ ይለዋል። ዋጋው ምንድነው? የቀኝ እጅህ አውራ ጣት። ልጁ ሳያመነታ ቆርጦ ይሰጠዋል። ያላስተማረ መምህር ፍሬውን ወሰደ። እኔ ያንን ታሪክ ለዓመታት ስለ ታዛዥነት ምሳሌ አድርጌ ሳስተምር፣ የማየው የልጁን ጣት ብቻ ነበር። አሁን የማየው የድሮናን የተዘረጋ እጅ ነው። ፖስታ ስቀበል የነበረው የኔ እጅም ከሱ ብዙ አይለይም።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ «ካርማ» የሚለው ቃል በኛም ከተማ ለምዷል። ወጣቱ የሚጠላው ሰው ሲወድቅ «ካርማ ነው!» ይላል። ካርማ በሳንስክሪት ከምንም በፊት ሥራ ማለት ነው። እኛም «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» እንላለን፤ ስንተርትም ሥራው የሚመለሰው ወደ ሠሪው መሆኑን ነው የምንናገረው። ነገር ግን ይህም ቃል እንደ ፍሬው ነው። ሰው ወደ ራሱ አዙሮ «ምን ሠርቼ ነው?» ሲል ኃላፊነት ይሆናል። ወደ ጎረቤቱ አዙሮ «ምን ሠርቶ ነው?» ሲል ፍርድ ይሆናል። የታመመው፣ ልጁ የሞተበት፣ ከሥራ የተባረረው ሰው በቁስሉ ላይ ሌላ ክስ ይጨመርበታል።

እንዲህ ከሆነ ጊታ ለዕለት ኑሯችን ምን ይጠቅመናል? ብዙ። ፈተና ወረቀት ፊቱ ተቀምጦ ውጤቱን እያሰበ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ተማሪ ይጠቅማል፤ አርጁና ማለት እሱ ነው። ልጇን አሳድጋ ምን እንደሚሆን በሐሳብ ለምትቃጠል እናት ይጠቅማል። በሽተኛውን ያከመና ያላዳነ ሐኪም ሌሊት እንዲተኛ ያደርገዋል። «ይህን ጽሑፍ ማን ያነበዋል?» እያለ ብዕሩን ለሚያስቀምጥ ሰው፣ ማለትም ለኔ፣ ይጠቅማል። ከዚህም ሌላ ያ ዝነኛ ስንኝ ብዙ ሰው የሚዘለው ጅራት አለው፤ ፍሬውን ተውኩ ብሎ ሥራ መፍታትንም ይከለክላል። ማኅተም ይዞ «ነገ ተመለስ» ለሚለን ሹም ይህን ጅራት ብንለጥፍለት ደስ ይለኛል።

መለኪያው አንድ ነው። ምክሩን የምናገረው ለራሴ ነው ወይስ ለሌላ? ለሌላ ከሆነስ፣ የሱ ፍሬ በማን እጅ ነው ያለው? የሰውን ፍሬ ጎተራዬ አስገብቼ «ፍሬ አትመልከት» ካልኩት መምከሬ ሳይሆን መቆለፌ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን የሚያላግጠው በሞኙ ባለ ላም ላይ ይመስለን ነበር። ላሟን ወደ ሰማይ የሰቀላት ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የጊታ አጨራረስ ነው። ነጂው 18 ምዕራፍ ሙሉ ተናግሮ፣ አምላክነቱን ሳይቀር አሳይቶ ካበቃ በኋላ አርጁናን አያዘውም። ይህን ሁሉ በሚገባ አስብበትና ከዚያ የወደድከውን አድርግ በሚል መንፈስ ይለቀዋል። አርጁና በመጨረሻ ቀስቱን ያነሣል፤ ያነሣው ግን ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ተጠራጥሮ ነው። መጽሐፉ ሙሉውን በጥያቄ የቆመ ነው። ጥያቄ የሌለበት ጊታ የለም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የጊታን መንፈስ የያዙት እንግዲህ ሴትዮዋ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

በቀጣዩ ዓመት ያው መሥሪያ ቤት መልሶ ደወለልኝ። «የዛሬ ዓመቱን የመሰለ ንግግር» ነበር የፈለጉት። ያ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተከፈለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በስልኩ ወዲያ ማዶ ዝም ተባለ። መልሰን እንደውልልዎታለን አሉኝ፤ አልደወሉም። ጀግንነት አይደለም፤ የፊተኛውን ፖስታ በልቼዋለሁ፣ አልመለስኩትም። ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው እናቴ ግን ይህን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሰው ካገኙ መልሴ ይኸው፦ ዝናቡ የማናችንም አይደለም። ጎተራው ግን የእርስዎም ነው። ያን ቀን የጠየቁት ልክ ነበር።

ቸር እንሰንብት።